ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ይዘን ወዴት እንሂድ?



ከጂንካ ከተማ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቀይ አፈር የምትኖር አንዲት ኦርቶዶክሳዊት እናትን በምሳሌነት እናስብ። የበኩር ልጇ ሦስት ዓመት አልፎታል። በስሙ ሲጠሩት አይዞርም፤ የሚፈልገውን በጣቱ አያመለክትም። ውኃ ሲጠማው የእናቱን እጅ ይዞ ወደ ጀሪካኑ ይጎትታታል እንጂ «ውኃ» አይልም። ሌሎች ሕፃናት ሲሯሯጡ እርሱ የጠርሙስ ክዳን እያሽከረከረ ሰዓታትን ይቆያል። ሐሙስ ደርሶ ገበያው ሲቆም፣ በናው፣ ፀማዩ፣ ሐመሩና አሪው ከየአቅጣጫው ሲመጣ፣ ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ ይጮኻል፤ መሬት ላይ ይወድቃል።

ምክር የሌለው ሰው የለም። ጎረቤቷ «ወንድ ልጅ አፉ ይዘገያል፤ ታገሺ» ትላለች። አክስቷ «ዓይነ ጥላ ነው» ትላለች። አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ «ቤታችሁን ሽጣችሁ ኑ፤ እዚህ ማዕከል አለ» ብሎ ይደውላል። ሌላው ደግሞ «ጠበል አስገቡት፤ የሐኪም ደጅ ግን እንዳታስረግጡት» ይላል። በስልክ በሚታይ ቪዲዮ ደግሞ ልጁን በሦስት ወር አናግራለሁ የሚል ዱቄት ይሸጣል። እናቲቱ ልጁን አዝላ ወደ ንስሐ አባቷ ትሄዳለች፤ «አባታችን፣ የቱን ልያዝ?» ትላለች።

ይህ ጥያቄ በብዙ የኦርቶዶክሳውያን ቤት ያለ ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንሞክረው ወላጆች ከሚቀርቡላቸው አማራጮች መካከል የትኛው ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚያስከፍል መመዘን ነው። ሚዛናችንን የምናስቀምጠውም ማዕከል ባለበት በአዲስ አበባ ሳይሆን ማዕከል በሌለበት በቀይ አፈር ነው፤ አብዛኛው ምእመን የሚኖረው እንዲህ ባለው ስፍራ ነውና።

ኦቲዝም ምንድን ነው?

ኦቲዝም የአንጎል ዕድገት ከመወለድ በፊት ጀምሮ በተለየ መንገድ የሚሄድበት ሁኔታ ነው። የሚታየውም በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ከሰው ጋር በመግባባት ላይ በሚፈጠር ችግር፣ ሁለተኛው በተደጋጋሚ በሚደረግ ተመሳሳይ ድርጊት፣ ለውጥን በመጥላትና ለድምፅ፣ ለብርሃን፣ ለመነካት ወይም ለምግብ ጣዕም በሚኖር ያልተለመደ ስሜት ነው። መጠኑ ከልጅ ልጅ እጅግ ይለያያል። አንዱ ዕድሜውን ሙሉ ላይናገር ይችላል፤ ሌላው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ይመረቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ያለበት እንደነበር ይገምታል።

መንስኤው አንድ አይደለም፤ በዘር የሚወረሱ ነገሮች ከፍተኛ ድርሻ አላቸው። የእናት ፍቅር ማነስ መንስኤ አይደለም። ክትባትም መንስኤ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዝ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር አያይዞ የወጣው ጽሑፍ በ2010 በራሱ በአሳታሚው መጽሔት ተሽሯል፤ ጸሐፊውም ከሐኪምነት መዝገብ ተሰርዟል። ወሬው ግን አልተሰረዘምና አሁንም በየቤቱ ይዞራል። የኩፍኝ ወረርሽኝ ምን እንደሚያደርግ በዓይኑ ያየ የደቡብ ኦሞ ወላጅ በዚህ ወሬ ምክንያት ክትባት ሊያስቀር አይገባውም።

ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። ይህን ስንል ተስፋ የለም ማለታችን አይደለም። ቀድሞ የተጀመረና ሳይቋረጥ የቀጠለ እገዛ የልጁን ሕይወት በእጅጉ ይለውጣል። ስለዚህ «ታገሺ፤ ይናገራል» የሚለው የጎረቤት ምክር፣ ምንም እንኳ ከደግነት ቢመነጭ፣ ጉዳት አለው። በአንድ ዓመቱ የማያመለክትና ለስሙ የማይዞር፣ በአንድ ዓመት ከአራት ወሩ አንድም ቃል የሌለው፣ ወይም የነበረውን ቃል ያጣ ልጅ ሳይዘገይ መታየት አለበት። የመጀመሪያው እርምጃም ቀላል ነው፤ ጆሮው ይመርመር። መስማት የተሳነው ልጅ ኦቲዝም ያለበት ሊመስል ይችላልና። የሚጥል በሽታም ከኦቲዝም ጋር አብሮ መገኘቱ የተለመደ ስለሆነ ልጁ ድንገት የሚፈዝ ወይም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ለሐኪሙ መነገር ይኖርበታል። ለዚህ ሁሉ የቀይ አፈር ጤና ጣቢያና የጂንካ ሆስፒታል መነሻ መሆን ይችላሉ። ለመጀመሪያው ምርመራ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም።

የማን ኃጢአት ነው?

ደቡብ ኦሞን ለሚያውቅ ሰው ይህ ጥያቄ ሌላ ነገር ያስታውሰዋል። በሐመር፣ በበናና በካራ ዘንድ «ሚንጊ» የሚባል ልማድ ነበረ፤ የላይኛው ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ሕፃን ወይም ከጋብቻ ሥርዓቱ ውጭ የተፀነሰ ልጅ ድርቅና በሽታ ያመጣል ተብሎ ይታመን ነበር። እንዲህ ያለውን ሕፃን ወላጆቹ እንዲያሳድጉት አይፈቀድላቸውም ነበር፤ ይጣላል ወይም ይገደላል። የካራው ተወላጅ ላሌ ላቡኮ እነዚህን ሕፃናት እየታደገ በጂንካ እንዲያድጉ ሲያደርግ፣ ሽማግሌዎቹንም ሲያነጋግር ቆይቶ፣ የካራ ሽማግሌዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ልማዱን በይፋ ትተዋል። ሚንጊና ኦቲዝም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ነገር ግን ከደጋ መጥተን በዚያ ምድር የምንኖር ብዙዎቻችን ልማዱን በሰማን ጊዜ ራሳችንን ነቅንቀናል፤ በራሳችን ቤት ያለውን ግን አላየንም።

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ ሁለት የሕክምና ክሊኒኮች የልጃቸው የአእምሮ ዕድገት ችግር ያለበትን 102 አሳዳጊዎች ጠይቆ ነበር። ከእነርሱ 40.2 በመቶው የልጃቸው ሁኔታ ከርኩስ መንፈስ የመጣ እንደሆነ፣ 27.5 በመቶው ደግሞ ከኃጢአት እንደሆነ ተናግረዋል። 45.1 በመቶው በልጃቸው ሁኔታ ያፍሩ ነበር፤ 26.7 በመቶው ሰው እንዳያውቅ ይደብቁ ነበር። ለእኛ ለኦርቶዶክሳውያን ከሁሉ ይልቅ ሊያስጨንቀን የሚገባው ግን ሌላው ውጤት ነው፤ የመገለል ስሜቱ በኦርቶዶክሳውያን አሳዳጊዎች ዘንድ ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ለምን እንዲህ እንደሆነ አኃዙ ብቻውን አይናገርም። እኛ ግን በየደጀ ሰላሙ የሚባለውን እናውቃለን። «ምን ብታደርግ ነው?» የሚለው ሹክሹክታ ከእናቲቱ ጆሮ አይርቅም፤ ከዚያ በኋላ ልጁን ይዛ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ታቆማለች።

ጌታችን ይህን ጥያቄ ተጠይቆ መልሶታል። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ያዩት ደቀ መዛሙርት ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው በጠየቁት ጊዜ ሁለቱንም አይደለም ብሎ መለሰላቸው (ዮሐ. 9፥1-3)። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ርኩሳን መናፍስት ሰውን እንደሚያሠቃዩ ታምናለች፤ ይህን የምንክድ አይደለንም። ነገር ግን ያልተናገረ ሁሉ ጋኔን አለበት ማለት ከወንጌል አይገኝም። ቅዱስ ማቴዎስ ወደ ጌታ የመጡትን ሲዘረዝር አጋንንት ያደሩባቸውን ለብቻ፣ በልዩ ልዩ ደዌ የታመሙትንና ሽባዎችን ለብቻ አድርጎ ጽፏል (ማቴ. 4፥24)። ወንጌላዊው የለየውን እኛ ልንደባልቀው አይገባም።

ጠበልና ሐኪም

«ጠበል ወይስ ሕክምና?» የሚለው ጥያቄ ራሱ የተሳሳተ ጥያቄ ነው። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን እግዚአብሔር እንደ ፈጠረው፣ መድኃኒትንም ከምድር እንደሚያወጣ ያስተምራል። ወንጌልን የጻፈልን ቅዱስ ሉቃስ ሐኪም ነበር። ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣም ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 በእንጦጦ ለጠበል የተሰበሰቡ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ፣ አንዱን ስለ ሌላው እንዳይተዉ መምከራቸው ይታወሳል። በዚያን ጊዜ ጠበል ስለገቡ መድኃኒት ያቆሙ ብዙዎች ነበሩና የአባታችን ቃል ነፍስ ያተረፈ ነበር።

ስለ ኦቲዝምም የምንለው ከዚህ የተለየ አይደለም። ልጁን ጠበል ማስጠመቅ፣ ጸሎት ማስደረግ፣ ቅዱስ ቁርባን ማቀበል የክርስቲያን ወላጅ ወግ ነው። ወላጆች ከዚህ ብርታት ያገኛሉ፤ ከላይ በጠቀስነው ጥናትም ከአሳዳጊዎቹ 57.8 በመቶው ጸሎት እንደሚያጽናናቸው ተናግረዋል። አደጋው ያለው በአደራረጉ ላይ ነው። ድምፅና መነካት እንደ እሳት የሚያቃጥለውን ልጅ ይዞ በብርድ ውኃ ማስጨነቅ፣ እንዲለፈልፍ መጮኽ፣ ማሰር፣ በመቋሚያ መምታት፣ ጢስ ማጠን ልጁን ያስደነግጠዋል፤ ጩኸቱም «ጋኔኑ ጮኸ» ተብሎ ይተረጎማል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስደውን ልጅ መድኃኒቱን በድንገት ማስቆም ደግሞ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። ልጁ እንዳይፈራ በእናቱ እቅፍ ሆኖ፣ ሰው ባልበዛበት ሰዓት፣ በጥቂት ውኃ መጠመቅ ይችላል። የጠበሉ ጸጋ በውኃው ብዛት አይለካም።

ዋጋው ምን ያህል ነው?

አሁን ወደ አዲስ አበባው ወንድም ምክር እንመለስ። በሀገራችን ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የመጀመሪያውን ማዕከል የከፈቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ትምህርት ቤቶች ልጃቸውን ሊይዙላቸው ስላልቻሉ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። የፊደል ገበታችንን ድምፆች መናገር ላልጀመሩ ልጆች ማስተማሪያ ያደረገ «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የተባለ ዘዴም አዘጋጅተዋል። ፊደልን በዜማ እየደጋገመ የሚያስቆጥር የኔታ ያየ ሰው የዚህ ነገር ምንጩ ሩቅ እንዳልሆነ ይገባዋል። በወላጆች ጥረት የተመሠረተው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም በዚያው በአዲስ አበባ ይገኛል። እነዚህ ተቋማት ያደረጉት ትልቅ ነው፤ ግን ቦታቸው ጥቂት ነው፤ ተራ የሚጠብቀው ብዙ ነው።

ከቀይ አፈር አዲስ አበባ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይርቃል። ቤቱን ሸጦ የሚሄድ ቤተሰብ ሥራውን፣ እድሩን፣ አያቶቹን፣ ልጁን የሚያውቁትን ጎረቤቶች ትቶ ይሄዳል። በከተማ የኪራይ ቤት ውስጥ እናትና ልጅ ብቻቸውን ተዘግተው ተራ ሲጠብቁ ሊውሉ ይችላሉ። ስለዚህ ምክራችን የማያሻማ ነው፤ ለምርመራና ለምክር አንድ ጊዜ ሄዶ መመለስ መልካም ነው፤ ተረጋግጦ የተገኘ ቦታ ሳይኖር ግን ቤት አይሸጥ። ገንዘቡ ሲያልቅ ልጁ ገና አምስት ዓመቱ ነው፤ እገዛው ግን እስከ ጉልምስናው ያስፈልገዋል።

ታዲያ በቀይ አፈር የምትቀረው እናት ምን ይተርፋታል? ከምታስበው በላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአሳዳጊዎች ክህሎት ሥልጠና የሚባል መርሐ ግብር አዘጋጅቷል። ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 9 ዓመት ለሆኑ የዕድገት መዘግየት ያለባቸው ልጆች አሳዳጊዎች የተሰናዳ ሲሆን 9 የቡድን ትምህርቶችና 3 የቤት ጉብኝቶች አሉት። የሚያሠለጥኑት ልዩ ሐኪሞች ሳይሆኑ ሠልጥነው የተዘጋጁ የጤና ባለሙያዎችና የማኅበረሰብ አገልጋዮች እንዲሆኑ ታስቦ ነው የተሠራው። በሀገራችንም ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር ለእኛ ሁኔታ እንዲስማማ ተደርጎ ተሞክሯል። ከ2022 ጀምሮ በኢንተርኔትም ያለ ክፍያ ይገኛል፤ በቋንቋው ለማትችለው እናት አንድ መምህር ወይም ነርስ እያነበበ ሊያስረዳት ይችላል።

ይዘቱ እንዲህ ያለ ነው። ልጁ ክዳን ሲያሽከረክር ክዳኑን ከመንጠቅ ይልቅ እናቲቱ ከፊቱ ዝቅ ብላ ትቀመጣለች፤ እርሷም ክዳን ይዛ ታሽከረክራለች። በመጀመሪያው ቀን አያያትም። በሳምንቱ አንድ ጊዜ ቀና ይላል። ያን ጊዜ «ዞረ!» ትላለች፤ አንድ ቃል ብቻ። ቀጥሎ በተራ ማሽከርከር ይመጣል። ይህ ጨዋታ ይመስላል፤ ግን የመነጋገር መሠረት የሆነውን ተራ መጠበቅና ሰውን ማየት የሚያስተምር ነው። በዚሁ መንገድ እጅ መታጠብ በትንንሽ እርምጃዎች ይከፈላል፤ መጀመሪያ ውኃውን መንካት፣ ከዚያ ማሻሸት፣ ከዚያ መጥረግ። እያንዳንዱ እርምጃ ሲሳካ ምስጋና ይከተላል። ልጁ የሚጮኸው ምን ሲሆን እንደሆነ፣ ከጩኸቱ በፊትና በኋላ ምን እንደተደረገ ለአንድ ሳምንት መመዝገብም የሥልጠናው አካል ነው። ምክንያቱ ሲታወቅ ዱላ አያስፈልግም። የሐሙሱ ጩኸት ከገበያው ድምፅ የመጣ ከሆነ ሐሙስ በሌላ መንገድ መሄድ ይበቃል።

ለማይናገር ልጅ ሥዕል አንደበት ይሆነዋል። የውኃ፣ የእንጀራ፣ የመኝታ፣ የሽንት ቤት ሥዕል በካርቶን ላይ ሥሎ ወይም ፎቶ አንሥቶ ማዘጋጀት፣ ልጁ ሥዕሉን ሲሰጥ ወዲያው የጠየቀውን መስጠት ነው። ብዙ ወላጆች «ሥዕል ከለመደ አይናገርም» ብለው ይፈራሉ። በተግባር የታየው ይህን ፍርሃት አይደግፍም፤ መጠየቅ የቻለ ልጅ ጩኸቱ ይቀንሳል፤ አንዳንዱም ከሥዕሉ ወደ ቃል ይሻገራል። ልጁ በቀን ውስጥ የሚሰማው ቋንቋ ብዙ መሆኑም አያስጨንቅ። በቀይ አፈር አንድ ሕፃን ከአያቱ የበናን ወይም የአሪን ቋንቋ፣ ከእናቱ አማርኛን ሊሰማ ይችላል። «አንዱን ብቻ አስተምሩት» የሚል ምክር ይሰማል፤ ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝም ያለበትን ልጅ እንደሚያዘገይ ግን አልተገኘም። አያቱን ዝም ማሰኘት ለልጁ ከሚናገሩት ጥቂት ሰዎች አንዷን መቀነስ ነው።

የንግግር ሕክምናና ኦኩፔሽናል ቴራፒ፣ ማለትም መልበስን፣ መብላትን፣ የሰውነትን ስሜት መቆጣጠርን የሚያለማምደው ሕክምና፣ ቢገኙ እጅግ ይጠቅማሉ፤ ባለሙያዎቹ ግን በሀገራችን ጥቂት ናቸው። ወደ አንዱ መድረስ የቻለ ወላጅ «ልጄን ያዙልኝ» ከማለት ይልቅ «እቤት የምሠራውን አሳዩኝ» ብሎ ቢጠይቅ ከአንድ ጉዞ የብዙ ወር ሥራ ይዞ ይመለሳል። በውጭ ሀገር የሚኖሩ ዘመዶች ደግሞ ባሕርይን በሽልማት ደረጃ በደረጃ የሚያርቀውን ሕክምና በሳምንት እስከ 40 ሰዓት እንዲሰጥ ይመክራሉ። ውኃ የምትቀዳ፣ ሁለት ሌሎች ልጆች ያሏት እናት 40 ሰዓት ከየት ታመጣለች? ደግሞም በዚህ ዘዴ ያለፉ አንዳንድ ጎልማሶች፣ እጅ ማርገብገብን የመሰለ ማንንም የማይጎዳ ጠባያቸውን ለማጥፋት የተደረገባቸው ጫና እንደጎዳቸው ተናግረዋል። ይህን ልንሰማቸው ይገባል። ልጁ ራሱን ወይም ሰውን እስካልጎዳ ድረስ እጁን ቢያርገበግብ ያርገብግብ። ጊዜው መናገርን፣ መልበስንና መብላትን ለማስተማር ይዋል።

መድኃኒት በተመለከተ ሪስፐሪዶንን የመሰሉ መድኃኒቶች ኦቲዝምን አያድኑም፤ ራስን መምታትን ወይም ከባድ ቁጣን ሊቀንሱ ይችላሉ። ክብደት ይጨምራሉ፤ እንቅልፍ ያበዛሉ። በሐኪም ክትትል፣ ለተወሰነ ዓላማ እንጂ ልጁ ዝም እንዲል ብቻ አይሰጡም።

ስለሚሸጠው ዱቄትና ስለ ልዩ ምግቡም እንበል። ስንዴና ወተት ማስቀረት ኦቲዝምን ይፈውሳል የሚል ነገር በብዙ ገንዘብ ይሸጣል። የስንዴ ግሉተን የሌለበት ጤፍና ማሽላ የሚበላ፣ ዓቢይ ጾምን 55 ቀን ያለ ወተት የሚያሳልፍ ሕዝብ ዘንድ ይህ ምክር መምጣቱ ፈገግ ያሰኛል፤ መድኃኒቱ ይህ ቢሆን ኖሮ ከማንም ቀድመን ባወቅነው ነበር። አስቀድሞ አራት ዓይነት ምግብ ብቻ የሚበላን ልጅ ሁለቱን መከልከል ግን ፈገግ የሚያሰኝ አይደለም፤ ያከሳዋል። ብረትን ከደም የሚያወጡ መድኃኒቶችና በረኪና የሚገባባቸው «ፈውሶች» ደግሞ ሕፃናትን የጎዱ ናቸውና ማንም ቢመክር አይቀበሉ።

በቤተ መቅደሱ

አንድ የሚያስደንቀን ነገር አለ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ለውጥን ይጠላል፤ ነገሮች በለመደው ቅደም ተከተል ሲሄዱ ያርፋል። ከሥርዓተ ቅዳሴያችን ይልቅ ቅደም ተከተሉን የሚጠብቅ ነገር በልጁ ሳምንት ውስጥ ከየት ይገኛል? ዲያቆኑ ተንሥኡ የሚልበት፣ ዕጣን የሚታጠንበት፣ መጋረጃው የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ጊዜ ሁሉ የታወቀ ነው። ብዙ ቃል የሌለው ልጅ ዜማውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊይዝ ይችላል።

የሚያስቸግረው ድምፅ ማጉያው፣ ከበሮው፣ ግፊያውና የዕጣኑ ሽታ ነው። ስለዚህ ልጁን ማንም በሌለበት ማግሰኞ ወይም ረቡዕ ወደ ቤተ ክርስቲያን አምጥቶ ዙሪያውን ማስጎብኘት፣ የሚቆምበትን ቦታ ማሳየት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለአሥር ደቂቃ ብቻ ማስቀደስ፣ ቀስ በቀስ ማራዘም ይገባል። ከድምፅ ማጉያው ርቆ በዛፍ ጥላ ሥር መቆም ነውር አይደለም። ቆብ ወይም ጆሮ የሚሸፍን ነገር ማድረግም እንዲሁ። ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርብበት ሰዓት ከካህኑ ጋር አስቀድሞ ቢመከርበት ልጁ በረጅም ሰልፍ እንዳይጨነቅ ማድረግ ይቻላል። በልጅነቱ ተጠምቆ፣ ሜሮን ተቀብቶ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ሆኗልና አለመናገሩ ከማዕዱ አያርቀውም። ሰባት ዓመት ሲሞላው ስለ ጾም የሚነሣው ጥያቄም ለንስሐ አባት የሚቀርብ ነው። የሚበላው ጥቂት የሆነ ልጅ ወተቱን ያለ ጸጸት እንዲጠጣ አባቱ ሊፈቅዱለት ይችላሉ፤ ወላጅ በራሱ ፈርዶ ልጁን ማስራብ የለበትም።

ሌላም አለ። እነዚህ ልጆች በድንገት ከቤት ይወጣሉ፤ አደጋን አይለዩም። ከጂንካ ወደ ወይጦ የሚሄደው መንገድ በቀይ አፈር መካከል ያልፋል፤ ሐሙስ ሐሙስ የሚቆመው መኪና ብዙ ነው። በአንገቱ ያለው ማዕተብ ክርስቲያን መሆኑን ይናገራል እንጂ የማን ልጅ እንደሆነ አይናገርም። በልብሱ ውስጠኛ ክፍል የወላጆቹ ስልክ ቁጥር ይሰፋ፤ ባለ ሱቆቹ፣ የመናኸሪያ ሠራተኞቹና የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ መልኩን ይወቁት። ይህ እንዲሆን እናቲቱ ልጁን መደበቅ ማቆም ይኖርባታል፤ መደበቅ እንድታቆም ደግሞ እኛ ሹክሹክታውን ማቆም አለብን።

በዚያው ጥናት ከአሳዳጊዎቹ 74.5 በመቶው ከሁሉ የሚፈልጉት ለልጃቸው ትምህርት እንደሆነ ተናግረዋል። ትምህርት ቤት ልጁን ላለመቀበል ሲያመነታ የደብሩ አስተዳዳሪ ወይም የሰበካ ጉባኤው ሰው አብሮ ሄዶ ርእሰ መምህሩን ቢያነጋግር ለእናቲቱ ብቻዋን ከመለመን ይሻላታል። የሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን የራሳቸውን ድርሻ ሊወጡ ይችላሉ። አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት አባል ልጁ የሚወደውን አውቃ፣ ሥዕሎቹን ይዛ፣ በየእሑዱ ለአንድ ሰዓት አብራው ብትቀመጥ እናቲቱ ቅዳሴውን ጨርሳ ትቆርባለች። ምናልባትም ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሆናል። ማኅበራቱና ሰንበቴዎቹም ጠላውንና ዳቦውን በተራ እንደሚያዘጋጁ ሁሉ፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ልጁን የሚይዝላት ሰው በተራ ሊመድቡ ይችላሉ።

አሁን ወደ ንስሐ አባቷ የመጣችውን እናት መልሰን እናስባት። ልጇ ከጀርባዋ ወርዶ በመቅደሱ ደጃፍ ያለውን ጠጠር በረድፍ እየደረደረ ነው። «አባታችን፣ የቱን ልያዝ?» ብላለች። አባቷ መስቀላቸውን አሳልመው «ሌሊት ይተኛል? ማን ያግዝሻል?» ብለው ይጀምሩ። ከዚያ በኋላ ሰኞ ወደ ጤና ጣቢያ አብሯት የሚሄደውን ሰው ይመድቡላት፤ ለጠበሉም ሰው የማይበዛበትን ሰዓት ይንገሯት።